ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ በስንት ይፈላል?

ስምንተኛ ክፍል ነኝ። «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚለውን ክፍል ውስጥ ጽፈን አልፈናል። ፈተና ላይ መጥቶም ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ግን በዓይኔ አላየሁትም። ስለዚህ የሳይንስ መምህራችንን አስፈቅጄ ቴርሞሜትር ቅዳሜ ወደ ቤት ወሰድኩ።

የመጀመሪያው ቀን አልተሳካም። ድስቱን ከሰል ላይ ጥጄ ቴርሞሜትሩን እስከ ታች ከተትኩት። ቁጥሩ አልረጋ አለኝ። ለካ ጫፉ ድስቱን መንካት የለበትም፤ ከነካ የብረቱን ሙቀት ይለካል። እሑድ ማማሰያ በድስቱ አፍ ላይ አጋድሜ ቴርሞሜትሩን በክር አንጠለጠልኩት። በየደቂቃው ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። 70፣ 78፣ 85፣ 90፣ 92። ከዚያ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል። እማዬ ከሰል ጨመረችልኝ፣ እኔም አራገብኩ። ከ92 ንቅንቅ አላለም።

ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብዬ ለመምህራችን ነገርኳቸው። «እስቲ በበረዶ ፈትነው» አሉኝ። ከሱቅ በረዶ ለምኜ ውሃ ውስጥ ጨመርኩና ለካሁት። ዜሮ! ቴርሞሜትሩ ደህና ነው። መጽሐፉን መልሼ ሳነብ «በባሕር ጠለል» የምትል ነገር አለች። ዘልያት ነበር።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ውሃውን የሚጫነው ነገር ይቀላል። ጫናው ሲቀል ውሃው ያን ያህል ሳይግል ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። 2,400 ለ300 ሲካፈል 8። ከ100 ላይ 8 ሲቀነስ 92! ደብተሬን ይዤ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ።

እማዬ ሰምታ «ለዚህ ነዋ ባቄላው አልበስል የሚለኝ» አለች። እውነቷን ነው። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል መጨመር ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን ከ92 አያሳልፈውም። ንፍሮው የሚበስለው በዚያው በ92 ነው። ፕሬዠር ኩከር የሚያፈጥነው እንፋሎቱን አፍኖ ጫናውን ስለሚጨምረው ነው።

አንዷ ጓደኛዬ «ጨው ጨምርበት፣ ከፍ ይላል» አለችኝ። አንድ ማንኪያ ጨመርኩ፤ ምንም ለውጥ አላየሁም። በእርግጥ ይጨምራል። ግን በአንድ ሊትር 35 ግራም ጨው እንኳ ቢገባ አንድ ዲግሪ አይሞላም፤ የእኔ ቴርሞሜትር ያንን አያሳይም።

ባሕር ዳር አክስቴ ጋ ስሄድም ይዤው ሄድኩ። እዚያ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ከመለካቴ በፊት 94 ብዬ ጻፍኩ። 94 ሆነ!

ቀጥሎ ዓባይ በረሃ መውረድ እፈልጋለሁ። ድልድዩ አካባቢ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ 96 ወይም 97 እጠብቃለሁ። እናንተም ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ለኩና ቁጥሩን ላኩልኝ። ሞጣም፣ ቡሬም፣ ዳንግላም ይሁን። ጫፉ ብቻ ድስቱን እንዳይነካ።