ቮዬጀር ላይ ያለው ሬዲዮና ዶናልድ ጉርኔት

የናሳ የጠፈር መንኮራኩሮች በሆኑት በቮዬጀር 1 እና 2 ላይ ከተገጠሙት መሣሪያዎች ሲያዩት ተራ የሚመስለው የፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ያሉበት ጋዝ) ሞገድ መቀበያው ነው። በ90 ዲግሪ ማዕዘን የተዘረጉ ሁለት የ10 ሜትር አንቴናዎችና ከ10 ኸርዝ እስከ 56 ኪሎ ኸርዝ የሚያዳምጥ ሬዲዮ፤ በቃ። አብዛኛው ድግግሞሽ ጆሮ የሚሰማው ስለሆነ የተቀዳውን በስፒከር ማጫወት ይቻላል።

በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ሳሉ የጠፈር ፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ቫን አለን ዘንድ ሥራ የጀመሩት ሳይንቲስቱ ዶናልድ ጉርኔት ይህን መሣሪያ እስከ መጨረሻ ዕድሜያቸው አልተለዩትም። መጋቢት 1979 (እ.ኤ.አ.) ቮዬጀር 1 ጁፒተር አጠገብ ሲያልፍ ከቀጭን ወደ ወፍራም የሚወርድ ፉጨት ተቀዳ። ምንጩ መብረቅ ነበር። መብረቅ ድግግሞሹን ሁሉ ባንዴ ይለቀዋል፤ ሞገዱ ፕላዝማ ውስጥ ሲጓዝ ግን ከፍተኛው ቀድሞ ይደርሳል፣ ዝቅተኛው ይዘገያል። የመዘግየቱ መጠን በመንገዱ ላይ ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት ያሳብቃል።

ትልቁ ፈተና ግን በ2012 (እ.ኤ.አ.) መጣ። ነሐሴ 25 ቀን በቮዬጀር 1 ዙሪያ የፀሐይ ቅንጣቶች ድንገት አለቁ፤ የማግኔት መስኩ አቅጣጫ ግን አልተለወጠም። ታዲያ መንኮራኩሯ ከፀሐይ ክልል (ከፀሐይ የሚነፍሱ ቅንጣቶች ከሚሞሉት ቦታ) ወጥታለች ወይስ አልወጣችም? ፕላዝማውን በቀጥታ የሚለካው መሣሪያ ከ1980 ጀምሮ ስለማይሠራ ክርክሩ አንድ ዓመት ያህል ቆየ።

የገላገለው ሬዲዮው ነው። መጋቢት 2012 ከፀሐይ የተነሣ ፍንዳታ ከዓመት በኋላ እዚያ ደርሶ ኤሌክትሮኖቹን አንቀጠቀጣቸው፤ መቀበያውም በ2013 ጸደይ ወደ 2.6 ኪሎ ኸርዝ የሚጠጋ ድምፅ ያዘ። ስሌቱ አጭር ነው፦ ድግግሞሹን በኪሎ ኸርዝ ለ9 አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት። የሚወጣው በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.08 ኤሌክትሮን ገደማ ነው፤ በክልሉ ጠርዝ ውስጥ ከሚጠበቀው ከ40 እጥፍ የማያንስ። ስለዚህ መንኮራኩሯ ወጥታለች።

አንድ ወጥመድ ነበር፤ የመንኮራኩሯ የራሷ ኃይል አቅርቦት በ2.4 ኪሎ ኸርዝ ይንጫጫል። እሱ ግን ንቅንቅ የማይል ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ እውነተኛው ምልክት ይንቀሳቀሳል። ቀደም ያለው ቅጂ ተመልሶ ሲፈተሽ በጥቅምትና ኅዳር 2012 ደከም ያለ የ2.2 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ተገኘ። ሁለቱን አገናኝቶ ወደ ኋላ የተሰመረው መስመር ያረፈው የፀሐይ ቅንጣቶች ባለቁበት በነሐሴ 2012 ላይ ነው።