ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ለዶሮዎቼ ስሰጥ ያየሁት

ቢሾፍቱ፣ ጓሮዬ ውስጥ ዶሮ ማርባት የጀመርኩት ሳሶ በሚባለው ዝርያ 60 የ45 ቀን ቄቦች ነው። በሁለተኛው ሳምንት ኩሳቸው ቀጠነ። ጎረቤቴ «ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ ውሃቸው ላይ ጨምሪላቸው፣ አንጀታቸውን ያጸዳዋል» አለችኝ፤ ጨመርኩ። በአራተኛው ቀን ኩሱ ላይ ደም አየሁ። ሳምንቱ ሳያልቅ 11 ሞቱብኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ከሞቱት አንዷን እያየሁ ከፈታት። የዶሮ አንጀት ወደ መጨረሻው ላይ ጫፋቸው የተዘጋ ሁለት ከረጢቶች አሉት፤ ሁለቱም አብጠው፣ የረጋ ደም ሞልቷቸው ነበር። «ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ አንጀት ውስጥ የሚራባ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ» አለና ወዲያው ጉዝጓዙን በእጁ ዘገነ። መጠጫው ያፈስ ነበር፤ ከሥሩ ያለው የጤፍ ጭድ ጭቃ ሆኗል። የጥገኛው እንቁላል ከኩስ ጋር ወጥቶ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን በሽታ ለማስያዝ ይደርሳል፤ ዶሮዋ ስትጭር ትለቅመዋለች።

«እህቴ፣ ሽንኩርቱን አልጠላውም፤ ይሄን ግን አያድንም» አለኝ። በውሃ የሚሰጥ አምፕሮሊየም ለ5 ቀን አዘዘልኝ። መድኃኒቱ የሚሠራው ጥገኛውን ቫይታሚን ቢ1 በማሳጣት ስለሆነ፣ በእነዚያ ቀናት ቫይታሚን እንዳልሰጥ አስጠነቀቀኝ። በሽንኩርት ያባከንኳቸው አራት ቀናት ዛሬም ያንገበግቡኛል።

በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ወለሉን አስተካከልኩ። ጭዱን በሰጋቱራ ቀየርኩ፣ መጠጫውን ጡብ ላይ ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ከአርባ ምንጭ ጥላ ላይ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል አስመጣሁ። ቅጠሉ ፕሮቲን አለው ብዬ ለአንድ ኩንታል መኖ 10 ኪሎ ቀላቀልኩ። አልበሉትም፤ ማታ ማታ ገንዳው ሥር አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮ አገኛለሁ። ወደ 3 ኪሎ ስቀንሰው ገንዳውን ጠርገው መብላት ጀመሩ።

ነጭ ሽንኩርቱንም አልተውኩትም። ኃይሉ የሚወጣው ሲወቀጥ ነው፤ ሳይወቀጥ ከተቀቀለ ይሞታል። ስለዚህ ጠዋት ወቅጬ 10 ደቂቃ አቆየውና በጥቂት እርጥብ ፉርሽካ አሽቼ እሰጣለሁ። በአንድ ሰዓት ያልበሉትን አነሳለሁ፤ እርጥብ መኖ ካደረ ይሻግታል፣ ሻጋታ ደግሞ ራሱ አንጀት ይጎዳል።

በሦስተኛው ዙር ቤቱን በወንፊት ሽቦ ከሁለት ከፈልኩት፤ 30ዎቹ ሽንኩርትና ሽፈራው በሉ፣ 30ዎቹ መኖ ብቻ። ጉዝጓዙ ደረቅ እስከሆነ ድረስ የሁለቱም ወገን ኩስ ቅርጹን የያዘ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጤነኛ ነበር። በዓይን የለየሁት የእንቁላሉን አስኳል ነው፤ ሽፈራው የበሉት አስኳል ደመቅ ያለ ቢጫ ሆነ፣ ደንበኞቼም እሱን መርጠው ይጠይቁኛል። ለዚህ ስል ሽፈራውን ቀጥያለሁ።

አሁን ጠዋት ቤቱ ስገባ ከሁሉ በፊት መጠጫው ሥር ያለውን ሰጋቱራ እጨብጣለሁ። ጡጫዬን ስከፍት ከተበተነ፣ ወደ ሽንኩርት ውቀጣዬ እሄዳለሁ። ከተጣበቀ አካፋውን አነሳለሁ።