የፋይል ስም ማንም ይለጥፋል

ሥራዬ ለማስረጃ የተያዙ ላፕቶፖችን መመርመር ነው። ፎቶና መልእክት የማየው በኋላ ነው። መጀመሪያ የሃርድ ዲስኩን ቅጂ እወስዳለሁ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ፋይል ሃሽ አስወጣለሁ።

ሃሽ የፋይሉ የጣት አሻራ ነው። ኤስኤችኤ-256 ለሚባለው ስሌት ሁለት መስመር ጽሑፍም ስጡት ሙሉ ፊልም፣ የሚያወጣው 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ውስጡ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትቀየር ውጤቱ ጭራሽ ሌላ ይሆናል። የፋይሉ ስም ግን ስሌቱ ውስጥ አይገባም። እኔ የምወድለት ይሄንን ነው። ቫይረስ ሠሪዎች ፋይላቸውን «ኤስቪሲሆስት» ብለው ይሰይሙታል። የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ስም ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል። ሃሹ ግን ከማይክሮሶፍቱ ጋር አይገጥምም።

ሃሾቹን የማመሳክርበት ዝርዝር የሚመጣው ከአሜሪካ ነው። ሜሪላንድ፣ ጌተርስበርግ ያለው ኒስት የተባለ የመንግሥት ተቋም ሶፍትዌር እየሰበሰበ የፋይሎቹን ሃሽ ይመዘግባል። ዝርዝሩን ማንም በነፃ ያወርዳል። ኦቶፕሲ በሚባለው የምርመራ ፕሮግራም ላይ ስጭነው፣ የዊንዶውስና የኦፊስ ፋይሎች ገለል ይሉልኛል። ጊዜዬን የማጠፋው በቀሩት ላይ ነው።

እዚህ ጋ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። «ዝርዝሩ ላይ ስላለ ንጹህ ነው» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ባለሙያ አለ። ዝርዝሩ የሚለው «ይህ ፋይል ይታወቃል» ብቻ ነው። የሰርጎ ገብ መሣሪያዎችም ተመዝግበውበታል። በዚህ ዓይነት ሪፖርት ሰው ሊታሰር ወይም ሊለቀቅ ይችላል፤ ስለዚህ ቃሉ በልኩ ይጻፍ።

ስሌቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። ኤምዲ5 የሚባለው የቆየ የሃሽ ስሌት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ተሰብሯል፤ ማለትም ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ሃሽ እንዲኖራቸው ማድረግ ተችሏል። በ2017 ደግሞ ጉግልና የአምስተርዳሙ የምርምር ተቋም ሲደብልዩአይ የተለያየ ይዘት ያላቸው፣ ኤስኤችኤ-1 በተባለው ሌላ ስሌት የወጣው ሃሻቸው ግን አንድ የሆነ ሁለት ፒዲኤፎች ሠርተው አሳዩ። ለፍርድ ቤት ኤስኤችኤ-256ን አትልቀቁ።

መርማሪ ላልሆናችሁም ይጠቅማል። በየካቲት 2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሰርጎ ገቦች ሊኑክስ ሚንት የተባለውን፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ነፃ ሶፍትዌር ድረ ገጽ ሰብረው፣ የማውረጃውን ሊንክ የጓሮ በር (ሰርጎ ገብ በስውር የሚገባበት ቀዳዳ) ወደተከፈተበት ቅጂ አዞሩት። ያወረዱትን ፋይል ሃሽ ከትክክለኛው ጋር ያመሳከሩ ሰዎች ልዩነቱን ማየት ችለዋል። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ ከፍታችሁ «ጌት-ፋይልሃሽ» የሚለውን ትእዛዝ ከፋይሉ አድራሻ ጋር መጻፍ ይበቃል። ሃሹንና ሊንኩን ከአንድ ገጽ ብቻ አትውሰዱ፤ ገጹን የሰበረ ሰው ሁለቱንም ይቀይራል። አዘጋጆቹ የሃሽ ዝርዝሩን በዲጂታል ፊርማ ካወጡት፣ ፊርማውንም አረጋግጡ።