ቴስተር 0 ሲል ባትሪው ሞቷል ማለት አይደለም

«ቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) 0 ካሳየ በቃ አልቆለታል» የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ባትሪያችሁን ይዛችሁ ውጡ። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ያን ያህል አልንገላታም ነበር።

ማሽኑ ጂፒኤክስ 5000 የሚባል የወርቅ መፈለጊያ ዲቴክተር ነው። አሶሳ አካባቢ በዲቴክተር ወርቅ የሚፈልግ ሰው ያውቀዋል። ባትሪው ሊቲየም ነው፣ 7.4 ቮልት። ክረምት ሲገባ ሥራ አቆምን። ሸሪኬ ማሽኑ በራሱ እስኪጠፋ ተጠቅሞ፣ ባዶውን ባትሪ ካርቶን ውስጥ ወረወረው። ቻርጅ አድርገህ አስቀምጥ ብዬው ነበር። እሺም ብሎኝ ነበር። መስከረም ላይ ስናወጣው ቻርጀሩ አልቀበልም አለ። በቴስተር ብንለካው 0።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባትሪው እሽግ ውስጥ ሴሎቹን፣ ማለትም የተደረደሩትን ትንንሽ ባትሪዎች፣ የሚጠብቅ ትንሽ ቦርድ አለ። ሴሎቹ ከመጠን በላይ ሲወርዱ ቦርዱ መውጫውን ይዘጋል። ስለዚህ ቴስተሩ ከውጭ ሲለካ ሴሎቹን አያያቸውም። ከቦርዱ ጀርባ በየሴሉ 2 ቮልት ምናምን ሊኖር ይችላል። ባትሪ ሳይነካ ቢቀመጥም ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ቦርዱም ራሱ ጥቂት ጥቂት ይበላል። ባዶውን ክረምቱን ሙሉ ከተቀመጠ ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቡት።

አዲስ አበባ ይዤው ስሄድ «ሥራውን የሚያውቅ ነው» ወደተባለ ጠጋኝ ላኩኝ። ልጁ እሽጉን በቢላ ፈልቅቆ ከፈተው። እዚህ ድረስ ምንም አልልም። ቴስተር ግን አላነሳም። አንድም ሴል ሳይለካ የመኪና ባትሪ ቻርጀር ጎትቶ መጣና «ጃምፐር ልስጠው (በሽቦ በቀጥታ ላገናኘው ማለቱ ነው)፣ ይነቃል» አለኝ። ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ጢም ብሎ ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው፣ ያንተ ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ ነው አልኩት። «ለሴኮንድ ነው» አለ። ስንት ዓመት እንደሠራም ነገረኝ። ልምዱን ከሚቆጥርልህ ሰው ጋር ክርክር የለም። ሽቦውን ከሴሎቹ ጋር ነካ አደረገው፣ ብልጭ አለ። ደገመው። ከዚያ ስልኩ ጠራና ሽቦውን እንደተያያዘ ትቶት ወሬ ጀመረ! እጄን ባስጠጋ ባትሪው ግሏል። ሽቦውን ራሴ ነቀልኩት። ተቆጣኝ፤ «ሥራዬን አታበላሽብኝ» አለ። በዚህም ላይ የምርመራ ብሎ አስከፈለኝ። ከፍዬ ወጣሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሚያናድደው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሊቲየም ሴል በጣም ወርዶ ሲቆይ ውስጡ ያለው ስስ የመዳብ ቅጠል መሟሟት ይጀምራል። መልሳችሁ ቻርጅ ስታደርጉት መዳቡ በማይሆን ቦታ ይጋገራል። ያኔ ሴሉ ከውስጥ ሾርት ያደርጋል፤ እሳትም ሊነሳ ይችላል። የእኔ ወሰን ይሄ ነው፦ ሴሉ ከ1.5 ቮልት በታች ወርዶ ሳምንት ካለፈው አይነካም። ከ2 በላይ ከሆነ እሞክራለሁ። በመሃሉ ያለው እንደ ድፍረታችሁ ነው፤ እኔ አልደፍርም።

መመሪያው እሽጉን ጭራሽ አትክፈቱ ይላል። ቴስተር ይዞ ለማያውቅ ሰው ልክ ነው። ዋስትናው ላላለቀም ልክ ነው። ለእኔ ግን ምርጫው መክፈት ወይም ሌላ ባትሪ በዶላር ማስመጣት ነበር።

ቤት ገብቼ ለካሁ። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ አንደኛው 2.4 ሌላኛው 2.1 አለ። ቮልቱና አምፒሩ የሚስተካከል ፓወር ሳፕላይ ተዋስኩ። ቮልቱን 3 ላይ፣ አምፒሩን 0.1 ላይ ገደብኩ። እያንዳንዱን ቡድን ለየብቻ፣ ደጅ፣ አሸዋ ላይ አስቀምጬ፣ ከአጠገቡ ሳልነሳ። እጄ ሙቀት ቢሰማው ወዲያው ልነቅለው ነበር፤ አልሞቀም። 3 ሲደርሱ ነቅዬ አሳደርኳቸው። ይህን ማሳደር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጠዋት የወረደ ቡድን ካለ ከውስጥ እየፈሰሰ ነውና ማባበሉን ተዉት። የእኔዎቹ ባሉበት አደሩ። በራሱ ቻርጀር ስሰካው ቦርዱ ነቃ፣ ቻርጁም ገባ።

እንደ ድሮው ግን አይደለም። ቀን ሙሉ የሚያሠራው ባትሪ ከሰዓት ላይ ይደክማል። አንደኛው ቡድን ከሌላው ቀድሞ ይወርዳል። በዚያ ጃምፐር ነው ብዬ መማል አልችልም፤ መጠርጠር ግን ማን ይከለክለኛል?

በአውሮፕላን ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። አንዱ የፍተሻ ሠራተኛ ባትሪውን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ በካርጎ እንድልክ አዘዘኝ። ደንቡ ተቃራኒው ነው፦ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ። በባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያሳየሁ ተከራክሬ አለቃው መጥቶ ለቀቀኝ። ጽሑፉ እንዳይፋቅ ጠብቁት።

አሁን ሥራ ስናቆም 7.5 ቮልት አካባቢ አድርጌ፣ ከማሽኑ ነቅዬ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጠዋለሁ። በየወሩ እለካዋለሁ። ባትሪው ያለው እኔ ዘንድ ነው። ሸሪኬ ዲቴክተሩን ይዟል።