ስንጥር

ዛሬ ጂም ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ 52 ኪሎ። 17 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ76። ሰፈር ውስጥ በስሜ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ናት፤ ለሌላው ሁሉ "ስንጥር" ነኝ።

ብረት እየገፋሁ አንዱ ጠጋ አለና "በወር ውስጥ ትፋፋለህ" ብሎ ኪኒን አሳየኝ። አልዋሻችሁም፣ እጄ ኪሴ ገብቶ ነበር። ደግነቱ ፎቶ አንስቼው ነርስ ለሆነችው አክስቴ አሳየኋት። ዴክሳሜታዞን! ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይነካ መድኃኒት። "ይሄ ጡንቻ የሚሰጥህ መሰለህ?" አለችኝ። ፊት የሚያሳብጠው ውሃና ስብ ነው አለች፣ ጡንቻን እንዲያውም ያመነምናል፣ ስኳርና ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ብዙ ጊዜ ወስደውት ድንገት ሲያቆሙት ደግሞ ሌላ ጣጣ።

ከዛ ቁርስ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። ሻይ በዳቦ። ሳቀችብኝ።

ለካ ችግሩ ብረቱ ሳይሆን ሳህኑ ነው። ሁለት እንቁላል ብቻ ወደ 12 ግራም ፕሮቲን አለው፤ በጾም ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ኦቾሎኒ ሞልቷል (በሶን የአያቶች ነገር እያልኩ ስንቀው ነበር!)። በሳምንት ሦስት ቀን ብረት፣ በመሀል እረፍት፣ ማታ ስልክ ጥሎ ስምንት ሰዓት መተኛት። ይሄ የመጨረሻው ከብረቱም ይከብዳል። በወር አንድ ሁለት ኪሎ ከጨመርክ ይበቃሃል አለችኝ። መጀመሪያ ግን ሰገራ አስመርምር፣ ምናልባት የምትቀልበው ትላትል ይሆናል።

ማታ በሶ በማር በጠበጥኩ። ታናሽ እህቴ ግማሹን ጠጣችብኝ።