ታዲያ ለምን የካቲት?

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ የካቲት 1966ቱ የአዲስ አበባ የታክሲ አድማ ነበር። ስጀምር ቀላል መስሎኝ ነበር። ሕዝብ ተማረረ፣ ተነሣ፣ አለቀ። የወሎን ረሃብ፣ የኑሮ ውድነቱን፣ የመሬቱን ጥያቄ እየደረደርኩ ሠላሳ ገጽ ሞላሁ። አማካሪዬ ሲመልስልኝ ጠርዙ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ጽፎበታል፦ «ታዲያ ለምን የካቲት?»

በሸቅሁ። ግን ልክ ነበር። ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ የወጣው እኮ በ1957 ነው። ምሬት ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ድሮ ባለቀ ነበር።

ዝርዝሬን ጣልኩና ቀን በቀን እየጻፍኩ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ጥር 4፣ ነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውኃ ጉዳይ አመፁ፤ የቀጣቸው የለም። የካቲት 11፣ ነዳጅ በመወደዱ ታክሲዎች ቆሙ፤ መምህራንም አደሙ። የካቲት 16፣ መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ። ይበርዳል ሲባል የካቲት 18 አስመራ ላይ ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተነሣ። የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ምሁራን «የፖለቲካ ዕድል» የሚሉት ነገር የገባኝ ያን ግድግዳ ሳይ ነው። አንዱ ጠይቆ ሲያገኝ ሌላው ያያል፤ በሩ መከፈቱን ሲያይ እሱም ይነሣል።

ከዚያ አንድ የድሮ የሰይቼንቶ፣ የትንሿ ፊያት ታክሲ፣ ሹፌር አገኘሁ። «ጋሼ፣ ለምን አመፃችሁ?» አልኳቸው። ተቆጡ። «ማን አመፀ? መኪና አቆምን እንጂ!» ለካ እኔ የሰጠሁት ስምና እነሱ የሰጡት ስም ለየቅል ነው። ጥያቄዬን ቀየርኩ፦ «ያን ቀን ጠዋት ከእንቅልፍዎ ተነሡ፣ ከዚያስ?» ሁለት ሰዓት አወሩኝ። ታክሲ ተራ ላይ ሁሌም ስለሚገናኙ ስብሰባ መጥራት አላስፈለጋቸውም። ወሬው ከተራ ተራ ዞረ። ድርጅት ማለት ማኅተምና ጽሕፈት ቤት ይመስለኝ ነበር፤ ለነሱ ግን ሻይ ቤቱ ነበር።

አውቶቡሶች በድንጋይ መመታታቸውን አንሥቼ «የሕዝብ ቁጣ ነው አይደል?» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የቆመውንማ ማን ነካው? የሚሠራውን ነው እንጂ።» ለካ ድንጋዩ የተወረወረው በዘፈቀደ ሳይሆን አድማውን ባልተቀላቀለው ላይ ነው። ይቺ አንዲት መልስ ስለ ግርግር የጻፍኩትን ምዕራፍ በሙሉ አስቀደደችኝ።

«ማን ወረወረ?» ስላቸው ስልኬን አዩት። «ይሄ ነገር አሁንም ይቀዳል?» አሉኝ። አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ያወሩኝ ጽሑፌ ውስጥ የለም።