አጥሚት በጡጦ

ስህተቱን የሠራሁት ልጄ አምስት ወር ሳይሞላት ነው። ሌሊት እያለቀሰች ስታስቸግረኝ “ጡቴ አልበቃት ብሎ ነው” አልኩና ቀጭን አጥሚት በጡጦ ጀመርኩላት። ጊዜው ታኅሣሥ ነው። በደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ እኩለ ሌሊት ተነስቶ ጡጦ የሚቀቅል ካለ ይንገረኝ፤ እኔ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ ነበር የምሞላው። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጡጦውን አይታ አልተቆጣችኝም። “አብሽሪ! ያለቀሰ ሁሉ አልራበውም። እስከ ስድስት ወር ጡትሽ ይበቃታል፣ ውሃም አትስጫት” አለችኝ።

ስድስት ወር ሞላትና ምግብ ስጀምርላት እሷው መጥታ ድስቴን አየች። ማንኪያ አጥልቃ ዘንበል ስታደርገው ገንፎ ያልኩት ነገር ጠብ ጠብ እያለ አለቀ። “ይሄ ውሃ ነው። የልጅ ሆድ ትንሽ ናት፣ በውሃ ከሞላሻት ምግቡ የት ይገባል?” ከዚያ ወዲህ መለኪያዬ ማንኪያው ሆነ፤ ሲዘነበል ያዝ አድርጎ ቀስ ብሎ ካልወረደ አልሰጣትም። ዱቄቱን ከገብስ፣ ከስንዴና ከጤፍ ሦስት እጅ፣ ከተቆላ የሽምብራ ክክ አንድ እጅ አድርጌ አስፈጨሁ። በቀን ሁለቴ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ነው የጀመርነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በምላሷ እየገፋች አገጯን ነበር የምትቀባው። ጠላችው ብዬ ልተወው ነበር፤ ለካ መዋጥ እየተማረች ነው።

ሰባት ወር ሲሆናት ዐቢይ ጾም ገባ። ልጅ ይዞት የተወለደው ብረት በስድስት ወር ገደማ እያለቀ ስለሚሄድ እንቁላልና ሥጋ ያስፈልጋታል። ሕፃን ጾም እንደሌለበት አውቃለሁ፤ የጨነቀኝ ዕቃው መነካካቱ ነው። ሙስሊም ጎረቤቴ “ምን ችግር አለው፣ እኔ ቤት ይቀቀል” ብላ አንድ ሳምንት እንቁላሏን እየቀቀለች ሰጠችኝ። በኋላ ከሰኞ ገበያ የልጄ ብቻ የሆነች ትንሽ ድስት ገዛሁ። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ስንት ቤት በዚህ ሰበብ ልጅ ሁለት ወር እንቁላል ሳያይ ይከርማል!

አንዴ ድንች በደንብ ሳላደቀው ሰጥቻት ትን አላት። ፊቷ ቀልቶ ስትስል ጣቴን ልከት ስል ጎረቤቴ እጄን ያዘችኝ። እውነቷን ነው፤ ጣት ጭራሽ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የምታስል ልጅ ራሷ ታወጣዋለች። የሚያስፈራው ድምፅ ሲጠፋ ነው፤ ያኔ በክንድ ላይ በሆዷ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጎ ትከሻዎቿ መካከል አምስት ጊዜ መምታት፣ እርዳታ መጥራትም ነው።

አማቴ ደግሞ ከገጠር ማር ይዘው መጡ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፤ የሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል፣ ቢፈላም አይሞትም። “ልጆቼ ሁሉ ማር ልሰው ነው ያደጉት” ብለው ተቀየሙኝ። አልከራከርኳቸውም፣ ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት። አሁን አንድ ወር ቀርቷታል። በደወሉ ቁጥር ከሰላምታው በፊት “ተከፈተ?” ነው የሚሉኝ።